ሰውየው ሲመታ ነገሩ ያመልጣል

ሰኔ ሲገባ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መንገድ፣ ታክሲ ውስጥ የሚሰማው ወሬ መልኩን ይለውጣል። በዚህ የአዲስ አበባ ጫፍ ባሉ ኮንዶሚኒየሞች ብዙ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የማስተርስ ተማሪዎች ይኖራሉ፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ያለው እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ነው። የዲፌንስ፣ ማለትም ተማሪው ከአማካሪው (ከአድቫይዘሩ) ጋር የሠራውን የመመረቂያ ጥናት በፈታኞች (በኤግዛሚነሮች) ፊት የሚከላከልበት ወቅት በመሆኑ ጥያቄው ሁሉ «ኤግዛሚነርህ ማን ሆነ?»፣ «ከአድቫይዘርሽ ጋር ይግባባሉ?»፣ «ሰውየው የየት አገር ልጅ ነው?» የሚል ነው። ጥናቱ ምን እንዳገኘ የሚጠይቅ ብዙም አይሰማም። ተማሪዎቹ አይፈረድባቸውም። ከእነሱ በፊት ገብተው የወጡት የነገሯቸውን ነው የሚደግሙት፤ አዳራሹ ውስጥ ከሥራው ይልቅ ሠሪው የሚመዘንበት ቀን እንዳለ ያውቃሉ። እኔም የማስተምር ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን ቀን አይቻለሁ።

ሰውን ማዋረድ ነውር መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። እዚህ ላይ ላስረዳ የምፈልገው ሌላ ጉዳት ነው። በምሁራን ክርክር ውስጥ ሰውየው ሲመታ ስህተቱ ያመልጣል። ተናጋሪው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ የተዛባው ስሌት፣ የጎደለው ናሙና፣ ማንም ያልጠየቀው ግምት ሳይነካ አብሮት ይወጣል። ያ ስሌት ደግሞ ስለምንጠጣው ውሃ፣ ስለምንበላው ቅጠል ወይም ስለ ታሪካችን ሊሆን ይችላል።

አንድ የጥናት ሙግት ሲፈታታ ሦስት ነገር ይገኝበታል። አንደኛው ድምዳሜው ነው። ሁለተኛው ለድምዳሜው የቀረበው ማስረጃ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ይህ ማስረጃ ወደዚያ ድምዳሜ ያደርሳል» የሚያሰኘው ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈውም እሱ ነው። ተቺ የሆነ ሰው ሥራው ከእነዚህ አንዱን መንካት ነው፦ ማስረጃው ትክክል አይደለም፣ ወይም ትክክል ቢሆንም ወደዚያ አያደርስም ብሎ ማሳየት። የተናጋሪው አባት ማን እንደሆነ፣ ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው፣ ባለፈው ዓመት ምን ተሳስቶ እንደነበር ከሦስቱም ውስጥ የለም። ፈላስፎች ይህን የማምለጫ መንገድ መልክ መልኩን እየለዩ መመዝገብ ከጀመሩ ከ2300 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ አርስጣጣሊስ የተሳሳቱ ሙግቶችን የዘረዘረበት ድርሰት የዚህ ጥናት መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ለአካባቢያችን ሰው በሚቀርብ ጉዳይ ላስረዳ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከእንጦጦ በኩል ተነስተው ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በመንገዳቸው የፋብሪካ፣ የጋራዥና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይቀበላሉ። በዳርቻቸው ደግሞ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን በዚሁ ውሃ ይለማል፤ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። በቅጠሉ ውስጥ ከባድ ብረቶች ይኖሩ እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ኖረዋል። ጉዳዩ የበላተኛውን ጤናና የገበሬውን እንጀራ በአንድ ላይ ስለሚነካ ክርክሩ ሲነሳ ቶሎ ይግላል።

እንበል አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከወንዙ ዳር የቆስጣ ቅጠል ሰበሰበች። አደረቀችው፣ ፈጨችው፣ ላቦራቶሪ አስገባችው። በአንድ ኪሎ 2 ሚሊግራም ሊድ (እርሳስ የምንለው ብረት) አገኘች። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እኔ ያስቀመጥኩት ነው፤ ማንም ከዚህ ተነስቶ ስለ አቃቂ ቆስጣ እንዳይደመድም። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለቅጠላ ቅጠል አትክልት የፈቀደው የሊድ ጣሪያ በኪሎ 0.3 ሚሊግራም ነው። ተማሪዋ ሁለቱን አነጻጽራ «ከተፈቀደው ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋል» ብላ ደመደመች።

አዳራሹ ውስጥ አንዱ ይነሳና «የባለሀብት ልጅ ነሽ፤ ገበሬውን ከመሬቱ ለማስነሳት ሰበብ ትፈልጋላችሁ» ይላል። ሌላው «ይቺ ልጅ ከመጀመሪያ ዲግሪዋ ጀምሮ ላቦራቶሪ አትወድም ነበር» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አድቫይዘሯ ከውጭ ድርጅት ገንዘብ እንደሚያገኝ ያስታውሳል። ሦስቱም ተናገሩ፣ ተማሪዋም አለቀሰች፣ አዳራሹ ሞቀ። ሰባት እጥፍ የሚለው ድምዳሜ ግን አልተነካም።

አሁን አራተኛ ሰው እጁን አወጣና «2 ሚሊግራም ያልሽው በደረቁ ነው በእርጥቡ?» ብሎ ጠየቀ እንበል። ተማሪዋ የለካችው የደረቀ ቅጠል ነው። የኮዴክስ ጣሪያ ግን የተቀመጠው ገበያ ላይ እንደሚገኘው ላለው እርጥብ ቅጠል ነው። ቆስጣ ከመቶው ከ90 በላይ ውሃ ነው፤ 92 በመቶ ብለን ብንይዝ አንድ ኪሎ እርጥብ ቆስጣ ደርቆ የሚተርፈው 80 ግራም ብቻ ነው። በኪሎ ደረቅ 2 ሚሊግራም ከሆነ በኪሎ እርጥብ 0.16 ሚሊግራም ይመጣል። ሰባት እጥፍ የተባለው ከጣሪያው ግማሽ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አንዲት አጭር ጥያቄ፣ ማንንም ሳትነካ፣ ድምዳሜውን ገለበጠችው።

ይህ ቅጠሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሌሎች ጥያቄዎች ይቀጥላሉ። ቅጠሉ ከመድረቁ በፊት ታጥቧል ወይስ ላዩ ላይ የተለጠፈው አፈር አብሮ ተለክቷል? ናሙናው ከስንት ማሳ ነው? ወንዙ ከተማ ከመግባቱ በፊት ካለ ማሳ የተወሰደ ማነጻጸሪያ አለ? ክረምት ነው በጋ? የላቦራቶሪው መሣሪያ መጠኑ አስቀድሞ በታወቀ ናሙና ተፈትኗል? ካድሚየም የተባለው ሌላው ከባድ ብረትስ ተለክቷል ወይ፤ የእሱ ጣሪያ 0.2 ነውና። እነዚህ ጥያቄዎች የተማሪዋን ሥራ ሊያጠነክሩትም ሊያፈርሱትም ይችላሉ፤ ወዴት እንደሚያደርሱ አስቀድሞ አይታወቅም። ጥያቄ ጥሩ መሆኑን የማውቅበት አንዱ ምልክት ይኸው ነው።

በተማሪዋ ላይ የተሰነዘሩት ሦስቱ ቃላት እኮ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። አባቷ ባለሀብት ሊሆን ይችላል፤ ልጅቱ ላቦራቶሪ ላትወድ ትችላለች፤ አድቫይዘሯም ገንዘብ ተቀብሎ ይሆናል። ሦስቱም እውነት ሆነው የእርጥብና የደረቁን ስህተት ማንም አያገኘውም ነበር። በሌላ በኩል ስሌቷ ትክክል ቢሆንና በቅጠሉ ውስጥ በእርግጥ አደጋ ቢኖር፣ እነዚያው ሦስት ቃላት አደጋውን ይሸፍኑት ነበር። የግል ጥቃት እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም ግኝት በአንድ ዓይነት ይመታል፤ ስለዚህ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ምንም አይረዳም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ስድብና የግል ጥቃት አንድ አይደሉም። ኤግዛሚነሩ «ሰነፍ ነሽ፤ በደረቅ የለካሽውን ከእርጥብ ጣሪያ ጋር አወዳደርሽ» ቢል ባለጌ ነው፣ ነገር ግን ሙግት አቅርቧል። ተማሪዋ ስድቡን ለሰደባት ትታ ነጥቡን መያዝ ይኖርባታል። አሁን ደግሞ ሌላ ኤግዛሚነር ፈገግ ብሎ «እህታችን ጎበዝ ናት፤ ያደገችው በዚያ ሰፈር ስለሆነ ግን ጉዳዩን በስሜት ማየቷ አይቀርም» ይላል እንበል። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ስድብ የለበትም፣ ሙግትም የለበትም። አዳራሹ ግን ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ቁጥሯን በጥርጣሬ ያየዋል። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛውን እፈራለሁ። ጨዋ ስለሚመስል ማንም አይገሥጸውም፣ ቃለ ጉባኤ ላይም «አስተያየት» ተብሎ ይሰፍራል።

ሁለቱን ለመለየት የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ከተነገረው ውስጥ ስለ ሰውየው የተባለውን ሁሉ ሰርዤ የቀረውን አነባለሁ። ከመጀመሪያው ኤግዛሚነር ንግግር አንድ ሙሉ ነጥብ ይተርፋል። ከሁለተኛው ምንም አይተርፍም።

የግል ጥቃት ብዙ መልክ ቢኖረውም እኛን ከሁሉ በላይ የሚጎዳን የትውልድ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። በጀርመን አገር ፊሊፕ ሌናርድና ዮሃንስ ሽታርክ የተባሉ ሁለት ታላላቅ የፊዚክስ ሊቃውንት ነበሩ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1905፣ ሁለተኛው በ1919 የኖቤል ሽልማት ያገኙ ናቸው። ሌናርድ እ.ኤ.አ. በ1920 ባድ ናውሃይም በተደረገ ጉባኤ ላይ ከአልበርት አንስታይን ጋር ስለ አንጻራዊነት ፊት ለፊት ተከራክሯል፤ ያነሳቸው ጥያቄዎችም መልስ የሚሰጥባቸው የፊዚክስ ጥያቄዎች ነበሩ። እያደር ግን ክርክሩ ከፊዚክስ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች የአንስታይንን ሐሳብ «የአይሁድ ፊዚክስ» ብለው መጥራት ጀመሩ፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙም የዚህ ዘመቻ መሪዎች ሆኑ። አይሁዳውያን መምህራን ከዩኒቨርሲቲዎች ተባረሩ። የአንስታይን እኩልታ ግን የጻፈውን ሰው ዘር አይጠይቅም፤ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ስንት እንደሚታጠፍ ይናገራል፣ እሱም ይለካል።

እኛ ዘንድ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ስለ አንድ ከተማ አመሠራረት፣ ስለ አንድ ጦርነት ወይም ስለ አንድ ቋንቋ አመጣጥ ጥናት ሲወጣ ከርዕሱ ቀጥሎ የሚነበበው የጸሐፊው የአባት ስም ነው። ከአባት ስም ብሔር ይገመታል፣ ከብሔር አቋም ይገመታል፣ ከዚያ ጽሑፉ ሳይነበብ ይደነቃል ወይም ይወገዛል። ይህን የሚያደርጉት ያልተማሩ ሰዎች ናቸው እንዳልል፣ በዶክተሮች መካከል በብዛት ሰምቼዋለሁ።

የትውልድ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ክርክር የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ሐተታው በግእዝ የተጻፈ የፍልስፍና ድርሰት ነው። ጸሐፊው ነኝ የሚለው ዘርዐ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አካባቢ እንደተወለደ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በነበረው የሃይማኖት ስደት ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ በዋሻ እንደኖረ፣ ኋላም እንፍራዝ ተቀምጦ እንደጻፈ ይተርካል። የድርሰቱ ቅጂ ለአውሮፓ የተላከው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። ላኪው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካቶሊክ (የካፑቺን ማኅበር) ሚስዮናዊ ሲሆን ተቀባዩ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው፤ ቅጂዎቹም ዛሬ ፓሪስ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1904 ጀርመናዊው ምሁር ኤኖ ሊትማን የግእዙን ጽሑፍ አሳትሞ ለምሁራን አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «ይህን ድርሰት የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው» ብሎ ተነሳ። በ1934 ጀርመናዊው ምሁር ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ ደገፈ። ኢትዮጵያውያኑ ምሁራን አለማየሁ ሞገስና አምሳሉ አክሊሉ ድርሰቱ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተከራከሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ ሰፊ ጥናት አቀረቡ። በእኛ ዘመን ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን ጥርጣሬውን በአዲስ መልክ አንስታዋለች።

በዚህ ክርክር ላይ ሰዎች የሚሰነዝሩትን ታውቁታላችሁ። «ኮንቲ ሮሲኒ በኤርትራ የቅኝ ግዛት ባለሥልጣን የነበረ ሰው ነው፤ ጥቁር ማሰብ ይችላል ብሎ እንዴት ይቀበል?» ይላል አንዱ ወገን። ባለሥልጣን እንደነበረ እውነት ነው። ሌላው ወገን «ድርሰቱን የሚከላከሉት ለአገር ክብር ብለው ነው፤ ማስረጃ አይሰሙም» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ከየት መጣ የሚለውን ከምን አለ በፊት ያስቀምጣሉ።

እስኪ ትውልድ አቋምን ይወስናል የሚለውን በራሱ ሚዛን እንፈትሸው። ከድርሰቱ ብርቱ ተከላካዮች አንዱ ሰምነር ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። ከግእዝ ሊቃውንት ሁሉ ከታላላቆቹ የሚቆጠሩት ጌታቸው ኃይሌ ኢትዮጵያዊ ሆነው ሳለ መጀመሪያ ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ነበሩ፤ ኋላ ጽሑፉን እንደገና መርምረው የዘርዐ ያዕቆብ ሥራ መሠረቱ እውነተኛ ነው፣ የኋላ እጅ ግን ገብቶበታል ወደሚል አሳብ መጡ። ትውልዳቸው ሳይለወጥ አቋማቸው ተለወጠ። የለወጣቸው ንባቡ ነው። ሚትቮኽን ደግሞ እዩት። በሐተታው ላይ የሰነዘረውን ጥርጣሬ «የአውሮፓዊ ትዕቢት» ብሎ ማለፍ ለሚፈልግ ሰው፣ ይኸው ሚትቮኽ አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ከዩኒቨርሲቲ ወንበሩ ያስነሱት ምሁር ነው። የዘረኝነት ተጠቂ ነበርና ስለ ሐተታው ትክክል ነው አልልም፤ አውሮፓዊ ነበርና ተሳስቷል አልልም። ሁለቱም ስለ ድርሰቱ የሚነግሩን ነገር የለም።

ስለ ድርሰቱ የሚነግረን ሌላ ነው። የጁስቶ የግእዝ ችሎታ ምን ያህል ነበር? በደብዳቤዎቹ ውስጥ ያሉት አሳቦችና በሐተታው ያሉት ይመሳሰላሉ ይለያያሉ? ጸሐፊው የሚጠቅሳቸው ቀኖችና ዘመኖች በኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብ ሲሰሉ ይገጥማሉ? መጽሐፍ ቅዱስን የሚጠቅሰው በየትኛው ንባብ ነው? ከጁስቶ ዘመን የቀደመ ቅጂ አልተገኘም የሚለውስ ምን ያህል ይመዝናል? ይህ የመጨረሻው በጥንቃቄ መያዝ አለበት። «አልተገኘም፣ ስለዚህ አልነበረም» ማለት ደካማ ሙግት ነው፤ አልተገኘም የሚለው ክብደት የሚያገኘው በተፈለገበት መጠን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመዝግበዋል፣ ያልተመዘገቡትም ብዙ ናቸው። ተከራካሪው ይህን ሁሉ አብሮ መናገር ይገባዋል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ያልተባለውን አስብሎ ማሸነፍ የሚባለው ሌላው ደካማ ሙግትም በብዛት ይታያል። «ድርሰቱ የጁስቶ ነው» ያለ ሰው «ኢትዮጵያውያን ፍልስፍና የላቸውም» እንዳለ ተቆጥሮ ይመለስለታል። አንዳንዶች ያንንም ብለው ይሆናል፤ ለእነሱ ለዚያው መልስ ይሰጣል። የአንድ ድርሰት ጸሐፊ ማን ነው የሚለው ጥያቄና አንድ ሕዝብ ያስባል ወይ የሚለው ግን አንድ ጥያቄ አይደሉም። ሐተታው ነገ የጁስቶ ነው ተብሎ ቢረጋገጥ የቅኔ ቤቱ፣ የትርጓሜ ቤቱ ትምህርት አንዲት ቃል አይጎድልበትም። ይህን የተረዳ ሰው ለማስረጃው በሰላም ይቀመጣል፤ ክብሩን በአንድ ብራና ላይ ያንጠለጠለ ግን መስማት አይችልም።

እንግዲህ ሰውየው ፈጽሞ አይነሳም ማለት ነው? አይደለም፤ ይህን ደንብ አጥብቀው የሚይዙ ሰዎችም የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ማስረጃው ራሱ የሰው ቃል ሲሆን ሰውየው የማስረጃው አካል ይሆናል። ከኮንቲ ሮሲኒ ማስረጃዎች አንዱ አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ካህን የሰጡት ምስክርነት ነው። እዚህ ላይ ካህኑ ጁስቶን በቅርብ ያውቁት ነበር ወይ፣ ሲጽፍ አይተዋል ወይስ ሰምተው ነው፣ በመካከላቸው ቅሬታ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዘመን ስሌቱ ግን በማንም ይቅረብ በማን፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚመረመር ነው።

ገንዘብም እንዲሁ። የቆዳ ፋብሪካ የከፈለበት የወንዝ ጥናት ቢመጣልኝ አጥብቄ አነባለሁ፤ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ፣ የትኛው ወር እንደቀረ እፈልጋለሁ። የገንዘቡ ምንጭ የት እንደምመለከት ይጠቁመኛል። ተመልክቼ ምንም ካላገኘሁ ግን «ቢሆንም ተከፍሎታል» ብዬ ልጥለው አልችልም።

«አንተስ?» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። «ያንተስ የማስተርስ ጽሑፍ ናሙናው ከዚህ አያንስም ነበር?» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ምናልባት እውነቱን ነው፤ ከዚህ የሚከተለው ግን ሁለት ደካማ ጽሑፎች መኖራቸው ነው።

የትልቅ ስም ነገር ግን ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፤ የግል ጥቃት ግልባጭ ነውና። ሰውን ስለማንነቱ እንደምንጥለው ሁሉ ስለማንነቱ እንቀበለዋለን። ሎርድ ኬልቪን በዘመኑ ከነበሩት የፊዚክስ ሊቃውንት ቁንጮ ነበር። ምድር ቀልጣ ከነበረችበት ሙቀት ተነስታ ስትቀዘቅዝ ስንት ዘመን ፈጀባት ብሎ አሰላ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ዕድሜዋ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ነው አለ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ጊዜው እንደማይበቃ ከድንጋዮቹ ያዩ ነበር፤ ከኬልቪን ሒሳብ ጋር መጋጨት ግን ከበዳቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 የቀድሞ ረዳቱ የነበረው ጆን ፔሪ ጉዳዩን በሌላ መንገድ ያዘው። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ነገር ግን የምድር ውስጥ ሙቀትን የሚያስተላልፈው እንደ ላይኛው ድንጋይ ነው የሚል ግምት በሥሩ አለ፤ ይህ ግምት ቢለወጥ ዕድሜዋ ወደ ቢሊዮኖች ይወጣል ብሎ አሳየ። የመምህሩን ክብር አልነካም፤ አንዲት ግምት ነካ። ዛሬ የምድር ዕድሜ ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት እንደሆነ እናውቃለን።

ከፔሪ ጋር አያይዤ ሁልጊዜ የማስበው ኢግናዝ ዜመልቫይስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ሐኪሞች አስከሬን መርምረው እጃቸውን በክሎሪን ውህድ ሳይታጠቡ ወላዶችን መንካታቸው እናቶችን እንደሚገድል ደረሰበት። በዚያ ዓመት ሚያዝያ (በፈረንጆቹ አፕሪል) ከመቶ ወላዶች 18 ያህሉ የሞቱበት ክፍል፣ እጅ መታጠብ ከተጀመረ በኋላ በሰኔ ወደ 2 ወረደ። ትክክል ነበር። ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ እሱም ግኝቱን በመጽሐፍ ያወጣው ዘግይቶ በ1861 ነው። ከዚያ በኋላ የተቃወሙትን የማዋለጃ ሐኪሞች በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ጻፈባቸው። ንዴቱ ይገባኛል፤ እናቶች እየሞቱ ነበር። ግን «እጅህን ታጠብ» የሚለው ምክር «ነፍሰ ገዳይ መሆንህን እመን» ከሚለው ጋር ተጣብቆ ሲቀርብ፣ ምክሩን መቀበል ያን ስም መቀበል ሆነ። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ ሞተ። እውነት የያዘ ሰው ሳይቀር በግል ጥቃት የገዛ እውነቱን እንደሚያዘገየው ከዚህ በላይ የሚያሳዝን ምሳሌ የለኝም።

ወደ እኛው እንመለስ። በአገር ውስጥ ልማዳችን ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ነገር አለ። የአንድምታ መተርጉማን አንድ ኃይለ ቃል ሁለት ሦስት ፍች ሲኖረው «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን ያስቀምጡታል፤ ብዙውን ጊዜ ፍቹ እንጂ ፈቺው አይጠራም፣ ተማሪውም ሁሉንም ተምሮ ይመዝናል። የበላ ልበልሃ ሙግት ደግሞ ሌላ ነው። ውበቱን እወዳለሁ፣ ለጥናት ክርክር ግን አልመኘውም፤ አንደበተ ርቱዕ ማስረጃ የያዘውን ሊረታ የሚችልበት መድረክ ነውና። ዲፌንሶቻችን ብዙ ጊዜ የሚመስሉት ሁለተኛውን ነው።

ምክንያቱ የሰዎቹ ክፋት ብቻ አይደለም። የምሁራኑ ማኅበር ትንሽ ነው። ዛሬ ኤግዛሚነር የሆነው ነገ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ላይ ይቀመጣል፤ የተተቸው አድቫይዘር ከነገ ወዲያ የተቺውን ተማሪ ይፈትናል። ጆርናሎች የጸሐፊንና የገምጋሚን ስም ቢደብቁም፣ በአንድ መስክ አሥር ሰው ብቻ ባለበት አገር ማን እንደጻፈው ከአርዕስቱ ይታወቃል። በዚህ ላይ ሥራውን ሳያነብ የመጣ ኤግዛሚነር ስለ ሰንጠረዥ 4 መጠየቅ አይችልም፤ ስለ ሰውየው ግን ማንም ሳያነብ መናገር ይችላል። የግል ጥቃት ያለ ዝግጅት ከሚሠሩ ሥራዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ ዲፌንሱን የሚመራው ሰብሳቢ ብዙ ማድረግ ይችላል። እያንዳንዱ ጠያቂ ከመጠየቁ በፊት የገጽ ወይም የሰንጠረዥ ቁጥር እንዲጠራ፣ የተማሪውንም ድምዳሜ ተማሪው «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል በራሱ ቃል እንዲደግም ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ያልተባለውን አስብሎ ማሸነፍ በዚህ ብቻ ግማሹ ይቀራል። ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤው ላይ ጥያቄውን ከነገጹ ይመዘግባል፤ ማረሚያው ሲመጣ ተማሪው ምን እንደሚያርም ያውቃል።

ሰብሳቢው ዝም ካለ ደግሞ ተማሪዋ ራሷ ማድረግ የምትችለው አለ። «አባትሽ» ወይም «አድቫይዘርሽ» የሚል ነገር ሲመጣ ስለ አባቷ መከላከል ከጀመረች ክርክሩ እዚያው ይቀራል። ብዕሯን አንስታ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ «ዶክተር፣ አስተያየትዎን ልጻፈው፤ የትኛው ሰንጠረዥ ላይ ላርመው?» ትበል። ሰንጠረዥ ከጠሩላት እውነተኛ ጥያቄ አገኘች፣ ትመልሳለች። ካልጠሩላት ወደሚቀጥለው ጠያቂ ዞር ትላለች።